የሲሚንቶው አንበሳ ይቅርብን

(ከማኅበሩ ጸሐፊ የቀረበ የግል አስተያየት)

ይህ ጽሑፍ የኮሚቴው ውሳኔ አይደለም፤ ማኅተምም አላደረግሁበትም። እንደምታውቁት የኮሚቴው ማስታወቂያ በሰሌዳው በስተግራ በኩል ይለጠፋል። ይኸኛው በስተቀኝ የተለጠፈው እኔ እንደ አንድ ነዋሪ የማስበውን ስለጻፍኩ ነው። ጸሐፊ ስለሆንኩ ወረቀቱና ሙጫው በእጄ ነው ብላችሁ ብትታዘቡኝም እውነታችሁን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስብሰባ ቤታችን ፊት ለፊት ያለው ቦታ ቀድሞ የአህያ ማሰሪያና የአመድ መድፊያ ነበር። ባለፈው ዓመት በነዋሪው ጉልበት ታጥሮ፣ ጽድና ጽጌረዳ ተተክሎበት፣ ዛሬ ሽማግሌዎች ፀሐይ የሚሞቁበት፣ ልጆች ጥናት የሚያጠኑበት ሆኗል። ለዚህ የደከሙትን ሁሉ እግዜር ይስጥልን። አሁን ከመዋጮው የተረፈ ጥቂት ገንዘብ አለ። በዚህ ገንዘብ ሁለት የሲሚንቶ አንበሳና አንድ ትልቅ የሲሚንቶ ጀበና ከባሕር ዳር አሠርተን በመኪና እናስመጣና በአትክልቱ መካከል እናቁም የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ዋጋው በቃለ ጉባኤው ላይ ስላለ እዚህ አልደግመውም። ያነበበ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ሳያነበው አልቀረም።

እኔ በበኩሌ ሐሳቡን ስሰማ ከአንበሳው ይልቅ ያስገረመኝ ጀበናው ነው። የሲሚንቶ ጀበና! እውነተኛውን ጀበና የሚሠሩት ሰዎች ከሰፈራችን በታች በእግር ግማሽ ሰዓት ባይሞላ መንገድ ላይ ተቀምጠው፣ እኛ የጀበና ምስል ከሩቅ አገር በጭነት እናስመጣ? አንበሳውስ ቢሆን በጋይንት ምድር ማን አይቶት ያውቃል? ጭላዳ ዝንጀሮ ቢሆን እሺ። ከገደሉ ወጥቶ ገብሳችንን የሚበላው እሱ ነው።

ሐሳቤን ባጭሩ ልናገርና ምክንያቱን በኋላ ላብራራ። የአትክልት ቦታችን ጌጥ ከሸክላ ይሠራ። የሚሠሩትም ከታች ያሉት ሸክላ ሠሪ እናቶችና እህቶች ይሁኑ። እኛና ልጆቻችንም አብረን ጭቃ እናቡካ። ለእነሱ ደግሞ የሙያ ዋጋቸው ይከፈል። «ለልማት ነው» ተብሎ በነፃ የሚሠራ ነገር የለም። ለሲሚንቶው ሰውዬ «ለልማት ነው በነፃ ሥራልን» ብለን አልጠየቅንም እኮ።

እስቲ እያንዳንዳችን ቤታችንን ዞር ብለን እንይ። እንጀራችን የሚጋገረው በሸክላ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝቻለሁ የሚል ሰው ቢኖር፣ ሽቦው የተቀበረበት ሳህን ራሱ ሸክላ ነው። ቡናው በጀበና፣ ጠላው በጋን፣ ሽሮው በሸክላ ድስት። እንስራውን የላስቲክ ጀሪካን ተክቶታል እንጂ እናቶቻችን ጀርባቸው የጎበጠው በእንስራ ነው። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የሣር ክዳን ጎጇችን ጫፍ ነው። ዝናብ በምሰሶው በኩል እንዳይገባ አናቱ ላይ የምንደፋው ሸክላ የማን ሥራ ነው? ከራሳችን በላይ አስቀምጠነው የምናድረው የእነዚያ ሰዎች እጅ ሥራ ነው። ሠሪዋን ግን በሰፈራችን ስንት ቤት ከደጃፍ አሳልፎ ያስገባታል? መልሱን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ እኔም አውቀዋለሁ።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ የገባ ጊዜ ስንቶቻችን ቤታችን ተዘርፎ፣ የማይወሰደው ደግሞ ተሰባብሮ እንደጠበቀን አስታውሱ። ድስትና ጀሪካን ሄዷል፤ ምጣዱ ተሰብሯል። ያን ሰሞን እንጀራ ለመጋገር ወዴት ነበር የሮጥነው? ወደ ታች ነው። ገንዘብ አልነበረንምና በዱቤ ሰጡን። በማኅበሩ መዝገብ ባይገባም የእኔ ባለቤት ምጣድና ሁለት ድስት ወስዳ የከፈለችው ለገና ነበር። አንድም ቀን መጥተው «ክፈሉን» አላሉም።

የሸክላ ምስል የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለእኛ አዲስ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። በአክሱም ከጥንት መቃብር ተቆፍረው ከወጡት ማሰሮዎች መካከል አንገታቸው የሴት ጭንቅላት ቅርጽ ያለው አለ፤ የፀጉሩ አሠራር ሳይቀር በጭቃ ተቀርጿል። ቅርባችን ጎንደር ደግሞ በደባርቅ መንገድ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ቤተ እስራኤሎች ኑሯቸው ሴቶቹ በሸክላ ሥራ፣ ወንዶቹ በቀጥቃጭነት ነበር። ገበያው ድስትና ማሰሮ ሲቀንስበት፣ መንገደኛውና ቱሪስቱ ደግሞ ሲበዛ፣ ሴቶቹ ትንንሽ ምስል መሥራት ጀመሩ። እንስራ የተሸከመች ሴት፣ የሚጸልይ ሽማግሌ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ዕቃው ትንሽ ስለሆነ ፈረንጁ በሻንጣው ይዞት ይሄዳል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰድ የወለቃ ሰዎችም አብዛኞቹ ሄደዋል። ሥራው ግን አልሄደም። የቀሩት ጎረቤቶች ይዘውት ሴቶች የሚሠለጥኑበት የእደ ጥበብ ማእከልም ተቋቁሞበታል። አዲስ አበባ ቀጨኔ የሚሠሩትም እናቶች እንዲሁ ናቸው። የዋና ከተማው ጀበና ከእነሱ እጅ ሲወጣ ኖሯል፤ ስድቡንም እንደኛዎቹ ሲሰሙ ኖረዋል።

ከአፍሪካ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። በናይጄሪያ ላዲ ክዋሊ የምትባል የገጠር ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሙያውን በልጅነቷ ከአክስቷ ነው የተማረችው፤ እንደኛዎቹ ያለ መንኮራኩር፣ ጭቃውን በእጇ እየደራረበች። በማሰሮዎቿ ላይ እንሽላሊትና ዓሣ ትስል ነበር። በኋላ በአቡጃ በተከፈተ የሸክላ ማሠልጠኛ ገብታ ሥራዋ እስከ ለንደን ታየ። ዛሬ ምስሏ በናይጄሪያ 20 ናይራ ብር ጀርባ ላይ ታትሟል። ሸክላ እየሠራች! እኛም አገር ቢሆን እስከ 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በቆየው አሮጌው 10 ብር ላይ ስፌት የምትሰፋ ሴት ነበረች፤ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ሰፊዋ ብር ላይ ወጣች፤ ሸክላ ሠሪዋ ግን እድርም አልገባችም።

ሥራው ምን እንደሚመስል ደግሞ በወሬ አይደለም የምነግራችሁ። ባለፈው በጋ ከሰባት ልጆችና ከሦስት ሸክላ ሠሪዎች ጋር ሙከራ አድርገናል። የሰማ ሰምቷል፤ ፍንዳታውን ደግሞ ሁሉም ሰምቷል። ስለ ፍንዳታው በዚህ በኩል በዚያ በኩል ብዙ ስለተወራ እውነቱን ልጻፍ።

አፈሩን ከቦታው ቆፍረን ተሸክመን መጣን። ደርቆ ተወቀጠ፣ በወንፊት ተነፋ፣ ተነከረ። ከዚያ የተሰበረ የሸክላ ገል ተወቅጦ ይጨመርበታል። ለምን ብዬ ብጠይቅ ትልቋ ሸክላ ሠሪ፣ ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፣ «ልጄ፣ ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይኮማተራልና ይሰነጠቃል። ገሉ አንዴ እሳት አይቷልና አይኮማተርም፤ ሌላውን ደግፎ ይይዘዋል» አሉኝ። ከዚያ በእግር መርገጥ ነው። ልጆቹ በዚህ ጊዜ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። እናቶቻቸው ልብሱን ሲያዩ ያሉትን ግን አልጽፍም።

ቅርጹ የሚሠራው ጭቃውን እንደ እባብ እያድቦለቦሉ በመደራረብ ነው። በቅል ስባሪ ይለሰልሳል፤ ጠፈፍ ሲል በወንዝ ጠጠር ይታሻል። በሬ፣ ዶሮ፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ ጭላዳ ተሠሩ። የአገራችን ነፋስ ደግሞ ለሸክላ ጠላት መሆኑን ያኔ ነው የተማርኩት። የከተማችን ስም ራሱ ነፋስ መውጫ አይደል? ነፋሱ የመታው ጎን ቶሎ ይደርቃል፣ ሌላው ጎን እርጥብ ይቀራል፤ በዚያ መካከል ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ አሮጌ ጆንያ አልብሶ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ማድረቅ ነው። እኛ ግን ከሦስት ቀን በኋላ «በቃ ይቃጠል» ብለን ወተወትናቸው።

አሁን ፍንዳታው። አንድ የእኛ ሰፈር ወጣት፣ ኮሌጅ የደረሰ ልጅ ነው፣ አንበሳ ካልሠራሁ አለ። (አንበሳው እዚህም አልቀረልንም።) ሸክላ ሠሪዋ «ሆዱን አውጡለት፣ ባዶ ይሁን፣ ከታችም ቀዳዳ ይኑረው» ብለው መከሩት። ልጁ ግን «ድፍን ካልሆነ አይጠነክርም» ብሎ ድፍኑን ሠራው። ከላይ ሲታይ የደረቀ ይመስላል፤ ሆዱ ውስጥ ግን ውኃ ነበረ። በኩበትና በእንጨት መካከል ተደርጎ እሳቱ ሲያይል ያ ውኃ እንፋሎት ሆነ። መውጫ አጣ። ከዚያማ ድው! ብሎ ፈነዳ። ጊዜው ጊዜ ነውና ሰው ሁሉ መሬት ያዘ፤ አንድ ሱቅ እስከ መዝጋት ደረሰ። አንበሳው ብቻውን ቢሰበር ምን ነበረ፣ አጠገቡ ያሉትን ዶሮና በሬ ይዟቸው ሄደ። ልጁ ሲያለቅስ ሸክላ ሠሪዋ ስባሪውን ሰብስበው «ገል አገኘን፤ ለሚቀጥለው ይጨመራል» አሉት። እኔ ብሆን ኖሮ በጥፊ ነበር የምለው።

ከዚህ የወጣ ወሬ ነው እንግዲህ «ሸክላዎቹ በዓይናቸው አፈነዱት» የሚለው። ወገኖቼ፣ የፈነዳው እርጥብ ስለነበረና ቀዳዳ ስላልነበረው ነው። እርጥብ የባቄላ ፍሬ በጋለ ምጣድ ላይ ጥሎ ያየ ሰው ይገባዋል። ስንት ጋንና ማድጋ እያቃጠሉ ኖረው ካልፈነዳባቸው፣ የእኛ አንበሳ ብቻ የፈነዳው ምክራቸውን ስላልሰማን አይደለም እንዴ?

ሌላው ተቃውሞ ግን ትክክል ነው፤ እሱን ልቀበል። አያ አንዱ በስብሰባ ላይ «ውርጩስ?» ብለው ጠይቀዋል። አገራችን ከባሕር ጠለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውኃ ይረጋል። ውኃ ሲረጋ ደግሞ መጠኑ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ይጨምራል። በኩበት እሳት የበሰለ ሸክላ ውኃ ይመጣል፤ የመጠጠው ውኃ በውስጡ ሲረጋ ይገፋውና ይላጣል፣ ይሰነጠቃል። ራሴ ሞክሬዋለሁ፤ በኅዳር አንድ አሮጌ ማሰሮ ውኃ ሞልቼ ደጅ አሳደርኩና ከሦስተኛው ሌሊት በኋላ ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት። (ባለቤቴ ማሰሮውን ስትፈልግ ነበር፤ ይኸው አሁን አወቀች።) ስለዚህ ምስሎቹ አፈር ላይ አይቀመጡም። ድንጋይ ተደርድሮ ከፍ ይደረግላቸዋል፣ ከታች ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይኖራቸዋል፣ ላያቸው ላይ እንደ ዳስ ያለች ትንሽ የቆርቆሮ ጥላ ትሠራለች። ትንንሾቹ በውርጩ ወራት ወደ ስብሰባ ቤት ይገባሉ። ይህም ሆኖ አንዳንዱ ይሰበራል። ሲሰበር ሠሪዎቹ ቅርባችን ናቸው፤ ሌላ ይሠራል፣ ለእነሱም ሥራ ይሆናል። የሲሚንቶው አንበሳ አፍንጫ ሲወልቅ ግን ማን መጥቶ ይቀጥልልናል?

የመንገዱንም ነገር አስቡት። በደጃችን የሚያልፈው ከወረታ ወልድያ የሚሄደው መንገድ በጋሸና በኩል ላሊበላ የሚያደርስ ነው። ዛሬ በሰላሙ እጦት እንግዳው ቀንሷል፤ ሰላም ሲሆን ግን ይመለሳል። አውቶቡስ ቆሞ ሰው ሻይ የሚጠጣበት ቦታ ላይ የሸክላ ጭላዳ ቢሸጥ የማይገዛ አለ? ከታች ጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ ያሉ ሸክላ ሠሪዎችም ሥራቸውን የሚያሳዩበት ቦታ ያገኙ ነበር። እነሱም ዘንድ ሙያው ያለው በአሮጊቶች እጅ ነው፤ ሴት ልጆቻቸው ስድቡን ሽሽት ማንነታቸው ወደማይታወቅበት ከተማ ይሄዳሉ። ጥቂት ዓመት ቆይተን ጀበናውንም ከሩቅ በጭነት ማስመጣታችን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እስካሁን የጻፍኩት ለዚህ መንደርደሪያ ነው ብትሉኝ አልክድም።

ኮሚቴው ውስጥ ሐሳቤን የደገፉ ሰዎች አሉ፤ አመሰግናለሁ። ግን ከድጋፉ ጋር አንድ ነገር ጨመሩ፦ «ምስሉን ይሥሩልን፣ ገንዘባቸውንም እንስጥ፤ የእድሩ ነገር ግን ይቆይ።» ከስድስት ዓመት በፊት አንዲት ሸክላ ሠሪ ባሏ ሞቶባት፣ ልጆቿን ይዛ እድራችን ለመመዝገብ ማመልከቻ አስጽፋ እንደመጣች የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «የአባላት መዝገቡ ስለሞላ ጥያቄዎን ለመቀበል አልቻልንም» ይላል። መዝገቡ አልሞላም ነበር። ሰባት ባዶ ገጽ ነበረው፤ ዛሬም ሁለቱ አሉ። ማንም በጉልበት አላስጻፈኝም። «ሰው ምን ይላል» ብዬ ነው የጻፍኩት። ፊርማው የእኔ ነው። በፋይል ውስጥ አለ፤ ማየት ለሚፈልግ አወጣለሁ። ሴትዮዋ ወረቀቱን ተቀብላ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እጅ ነስታ ሄደች። በኋላ ልጇ ሲሞትባት ለቀብር የወጣነው እኔና አንድ ጎረቤት ብቻ ነበርን። ድንኳናችን ያን ቀን ስብሰባ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ከመቶ አሥር ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብለው አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያስቀልጡ ከባለእጅ ጋር ውለዋል። ያ ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተው በእኛው በጨጨሆ በኩል ነው፤ ንጉሡም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ እንደነበር ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። በዚያ መድፍ የማይኮራ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። ዘፈኑን ሁሉም ያውቃል። መድፉን የሠራውን እጅ ግን እስካሁን በጥርጣሬ እናየዋለን። ይህ ነገር ለእኔ አይገባኝም፤ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ስላልዘለለ ይሆን?

ስለዚህ አቋሜ ይኸ ነው። እድር የማይገቡ ከሆነ ምስሉንም ባይሠሩልን እመርጣለሁ። ያ ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ቢጻፍ ሌላ ጸሐፊ ይጻፈው፤ እኔ አልፈርምበትም። በአትክልት ቦታችን የእጃቸውን ሥራ አቁመን፣ እነሱን ከአጥሩ ውጭ አቁመን የምናየው ነገር ዓይኔ አይችለውም። በወር የሚከፈለውን መዋጮ እንደማንኛውም አባል ይክፈሉ፤ ድንኳኑም፣ ለቅሶ መድረሱም፣ ቀባሪውም እንደማንኛውም አባል ይሁንላቸው።

ሐሳቡን ለትልቋ ሸክላ ሠሪ ሳማክራቸው አልተቻኮሉም። በምስሉ እግር ሥር የሠሪዋ ስም ይጻፍ ብዬ ነበር። «ልጄ፣ ስሜን ካየ የሰው ልጅ ድንጋይ ይወረውርበታል፤ ተወው» አሉኝ። ሴት ልጃቸው ግን ከጎናቸው ተቀምጣ ምጣድ እያለሰለሰች «የእኔን ጻፉት» አለች። እናትየው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። እሷ ሥራዋን ቀጠለች።

ለጠቅላላ ጉባኤው ሁለቱን ነጥቦች በአንድ አጀንዳ አስይዣለሁ፤ አንደኛ የእድር አባልነት፣ ሁለተኛ የሸክላ ምስል ሥራ። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ አደራ እላለሁ። የሚቃወም ሰው ካለ በስም የለሽ ወረቀት ሰሌዳው ላይ ከመለጠፍ ተነሥቶ ይናገር። ቀኑን በስተግራ በኩል ባለው ማስታወቂያ ታገኙታላችሁ። እስከዚያው ድረስ የተሰበረ ጀበና፣ ድስት ወይም ምጣድ በቤቱ ያለው ሰው አይጣለው። ከስብሰባ ቤቱ በስተጀርባ ጆንያ አስቀምጫለሁ፤ እዚያ ይክተተው፤ ጉባኤው ከፈቀደ ለገል ይሆነናል።

ከሙከራው የተረፈው ጭላዳ በጽሕፈት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ከአባላት መዝገቡ አጠገብ ተቀምጧል። አንድ ጆሮው በፍንዳታው ተመትቶ ወልቋል። ከሰዓት በኋላ ስለምኖር ማየት የሚፈልግ መጥቶ ይየው።